የአልታየች ሳቅ

ሀጀራ «እስቲ ጉልበትሽን ጠጋ አድርጊ» ልትል አፏን ከፈተችና የተቀመጠችውን ሴት ስታያት መልሳ ዘጋችው። ከምሰሶው ጎን ባለችው አጭር አግዳሚ ጫፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችው አልታየች ነበረች። አግዳሚዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ከአልታየች ወዲያ፣ ግድግዳው ሥር፣ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ በጠመኔ «37» ተብሎ ተጽፏል፤ ሀጀራ በያዘችው ቲኬት ላይም እንዲሁ።

አልታየች ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን ወደ መድረኩ መለሰች። ከዚያ ጉልበቷን ወደ ጎን አዘነበለችላት። ሀጀራ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ ሆዷን አጥብቃ አለፈች። ብትጠነቀቅም ቀሚሷ የአልታየችን ጉልበት ዳሰሰው። ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ከተቀራረቡ አራት ዓመት አልፏቸዋል።

የመካነ ሰላም አዳራሽ ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ሞልቷል። የግንቦት ሃያ በዓል የተከበረው በዚያው ሳምንት ስለነበር ከመድረኩ በላይ የተወጠረው መፈክር ገና አልወረደም፤ አንደኛው ጫፉ ተፈቶ «ልማታችን» የሚለው ቃል ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ተዋንያኑ ሦስት ናቸው፤ ከደሴ የመጡት ትናንት በአውቶቡስ ነው። ቴአትር በዚህ ከተማ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነውና መምህሩም ነጋዴውም ተማሪውም ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ቦታ ያጣው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ሀጀራ ልጇን በዓይኗ ፈለገች። ኢልሀም በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ተዋንያኑን ደብዳቤ ጽፋ ያስመጣቻቸው፣ ቲኬቱንም የሸጠችው እሷ ናት። አሁንም በሩ ላይ ቆማ ቲኬት ትቆርጣለች። እናቷ በእጇ ስትጠራት በሰው መሀል እየተሽሎከለከች መጣች።

«ሌላ ቦታ የለም ወይ?» አለች ሀጀራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የት ይኖራል እማ? የቆመውን አታዪም?»

«ለእሷ ማነው እዚህ የሸጠላት?»

ኢልሀም ፊቷ ቀላ። «እኔ የሸጥኩት ለጋሼ አለምነው ነው። እሳቸው የሚመጡ መስሎኝ።»

ሁለቱም ቢያንሾካሹኩም አግዳሚዋ አጭር ናት፤ የሚሰማው ሁሉ ይሰማል። አልታየች ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ «አለምነውን ራሱን አሞት ነው። ቲኬቱ ከሚቃጠል ሂጂ ብሎ ላከኝ» አለች።

ኢልሀም ከዚያ በላይ አልቆመችም። «እማ፣ ቴአትሩ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ እኮ ነው» ብላ ወደ በሩ ተመለሰች።

ሀጀራ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ልትወጣ ትችል ነበር። ግን ልትወጣ ብትነሳ እንደገና በዚያ ጉልበት ፊት ማለፍ አለባት። ደግሞስ የልጇን ሥራ ሳታይ ብትሄድ ሰው ምን ይላል?

ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። ሀጀራና አልታየች ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ አጥር ቀዳዳ እሳት ተጫጭረዋል፣ ሲወልዱ ተራርሰዋል፤ የአንዷ ጾም ሲገባ ልጆቿ ከሌላዋ ቤት ይበላሉ። ሀጀራ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። የአልታየች ባል አለምነው ደግሞ መምህር ነው፤ እሷ ግቢዋ ውስጥ ሽንኩርትና ጎመን ተክላ ትሸጣለች። ግን ሰፈሩ አልታየችን የሚያውቃት በጎመኗ አይደለም። በሳቋ ነው። ሲጀምራት እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል፤ ከዚያ ትንፋሽ ያጥራትና ድምፁ ይጠፋል፤ አበቃ ሲባል ደግሞ ከሆዷ ፈንቅሎ ይወጣል። በመጨረሻ «ውይ ሞትኩ» ብላ ያገኘችው ነገር ላይ ትቀመጣለች። ሀጀራ ብዙ ጊዜ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ያ ሳቅ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣባትና ምክንያቱን ሳታውቅ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ያጣላቸው የየሻለም ጉዳይ ነው። የአልታየች ልጅ የሻለም አሥረኛን ጨርሳ ውጤት ሲያንሳት ዐረብ አገር ካልሄድኩ አለች። የሀጀራ ወንድም ሙሐሲን ደግሞ የሚሄዱ ልጃገረዶችን ወረቀት የሚያስጨርስ ሰው ነበር። አልታየች በአጥሩ ቀዳዳ መጥታ «ሀጀራ፣ ወንድምሽን ልመነው?» አለቻት። ሀጀራም «እንደ እህቱ ልጅ፣ እንደ ኢልሀም አይቶ ነው የሚልካት» ብላ መለሰች። ስትናገር ከልቧ ነበር።

የሻለም ጅዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፋ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አሥራ አራት ወር። ሙሐሲን ሲጠየቅ «ቤት ቀይራ ይሆናል» ይላል፤ ሌላ ቀን «አላውቅም» ይላል። አንድ የገበያ ቀን አልታየች ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ሀጀራ ሱቅ መጣች። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ደጃፉ ላይ ቆማ «ሀጀራ፣ ልጄን ሸጥሽብኝ» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ሀጀራ ዞረ። ሀጀራ የለካችውን ጨርቅ እንደያዘች ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ብትነሳና ብታቅፋት፣ ወይም ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሷ ግን «ማን ያውቃል፣ ልጅሽ ደህና ሆና ረስታሽ ይሆናል» ብላ መለሰችላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አልታየች ዞራ ሄደች። ከሦስት ወር በኋላ የሻለም ደወለች። የገባችበት ቤት ሞባይሏንና ፓስፖርቷን ቀምቶ ዘግቶባት ኖሯል። አሁን ወጥታ ደህና ሰዎች ቤት ገብታለች። ሰፈሩ እልል አለ። ሀጀራም ከአጥሩ ወዲህ ቆማ እልልታውን ሰማች፤ ሄዳ «እንኳን ደስ ያለሽ» ለማለት ግን እግሯ አልታዘዘላትም። የአጥሩ ቀዳዳ በእሾህ ተደፍኗል። ያ ሳቅ ደግሞ ልጅቷ ከተገኘች በኋላም አልተመለሰም።

ሞንታርቦው ሁለት ጊዜ ጮኸና መጋረጃው ተገለጠ።

መድረኩ ላይ ያለው አንድ መደብና አንድ ምሰሶ ብቻ ነው። ፈንታሁን የሚባለው ቀጭኑ ተዋናይ ጥጥ ጢም ለጥፎ፣ ከዘራ ይዞ ወጣ። አያ ጉግሣ የሚባሉ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ከሰማ የሚያሻውን ብቻ የሚሰማ ባለጸጋ ሆኗል። ሚስታቸው ከሞተች ሰባት ዓመት አልፏል፤ ዛሬ ማግባት አምሯቸዋል። ልጃቸው ደግሞ እንጀራ እናት በዚህ ቤት አትገባም ብላለች።

ሦስቱ ሰዎች ብቻቸውን የመንደሩን ሰው ሁሉ መሆን አለባቸው። ሸጋዬ የምትባለው ተዋናይት ነጭ ነጠላ ስትለብስ ልጅቷ ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቀይ ሻርፕ ተከናንባ ስትወጣ ሙሽራዋ ትሆናለች። ንጉሡ የሚባለው ወፍራሙ ደግሞ ባርኔጣ ሲያደርግ የጋብቻ ደላላ ነው፤ ጆንያ ጀርባው ላይ ጥሎ በአራት እግሩ ሲሄድ ሙሽራዋ የመጣችባት በቅሎ ነው። በቅሎዋ ታዲያ ሐሳብ አላት። አያ ጉግሣ በዋሹ ቁጥር ጆሮዋን ትነቀንቃለች።

«ዕድሜዎ ስንት ነው አያ?» ይላል ደላላው።

«አርባ ሁለት» ይላሉ አያ ጉግሣ፤ ደላላው ቶሎ ብሎ ጎንበስ ይልና በቅሎ ሆኖ ጆሮውን ነቅንቆ እንደገና ደላላ ሆኖ ይነሳል።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሀጀራ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችው። በጎኗ አልታየች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። ሁለቱም ሌላዋ እንዳትሰማት እየተጠነቀቁ ነበር።

ቴአትሩ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ጠሽ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ በረዶው ወረደ። መካነ ሰላም ላይ የግንቦት በረዶ ሲወርድ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ጎረቤቱን አይሰማም። ፈንታሁን አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም። ተመልካቹ ጣሪያውን እያየ ያጉረመርማል። ከኋላ ያሉት አንዳንዶቹ ተነሱ።

ሀጀራ የታሰባት ሱቋ ነው። የሱቁ ጣሪያ በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። እዚያ ሥር ደግሞ ከትናንት በስቲያ ከደሴ ያስመጣቻቸው አሥራ አንድ ጣቃ ጨርቆች ተደርድረዋል። ውሃ ከነካቸው ቀለማቸው ይለቃል። ባሏ አሕመድኑር ሱቁን እጠብቃለሁ ብሎ ቀርቷል፤ ግን ቆላልፎ ወደ መስጊድ ሄዶ ቢሆንስ? ልትነሳ ትፈልጋለች። ከተነሳች ደግሞ «አሳልፊኝ» ማለት አለባት። ሁለት ጊዜ ጉልበቷን ሰብስባ ለመነሳት ቃጣች፤ ሁለት ጊዜ መልሳ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ጣቃ ጨርቅ በአንዲት ቃል ምክንያት ሊበላሽ ነው።

አልታየች ወደ እሷ ዞረችና አንድ ነገር ተናገረች። ሀጀራ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየች እንጂ አልሰማችም።

«ምን?» አለች።

አልታየች ደግማ ተናገረች። አልተሰማም። ከዚያ ነጠላዋን ገፍታ፣ ጎንበስ ብላ፣ አፏን ከሀጀራ ጆሮ ጋር አጋጥማ ጮኸች።

«አሕመድኑር ሱቅ ነው ወይ? ጨርቁን!»

ሀጀራ የሱቁ ጣሪያ በየት በኩል እንደሚያፈስ ከቤተሰቧ ሌላ የምታውቀው አልታየች ብቻ መሆኗ ትዝ አላት። ስንት ክረምት አብረው ጣቃ ተሸክመው ከዚያ ግድግዳ አሽሽተዋል። አሁን እሷም በተራዋ አፏን ወደ አልታየች ጆሮ አስጠጋች። የቅቤና የአደስ ጠረኗ ያው ነው።

«ሱቅ ነው! ግን ቆልፎ ሄዶ እንደሆነ!»

«አሕመድኑር? ደመና አይቶ ሱቅ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው? እንግዲያ ተቀመጪ!»

ሀጀራ ተቀመጠች። ልክ ነው፤ አሕመድኑር ደመና የሚፈራ ሰው ነው፤ ይሄኔ ሸራውን አልብሶ ጨርሷል። ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፊታቸውን ሁለቱም ወደ መድረኩ መለሱ።

እዚያ ነገሩ ተቀይሯል። ሰው መነሳት መጀመሩን ያየው ፈንታሁን ንግግሩን ትቶ በእጁና በፊቱ መሥራት ጀመረ። አያ ጉግሣ ልጃቸውንና ሙሽራቸውን ሊያስታርቁ ነው። በከዘራቸው ወደ መጋረጃው እያመለከቱ ልጅቷን ጠሩ፤ ሸጋዬ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ሙሽራዋን ጠሩ፤ ሸጋዬ ሮጣ ገብታ ሻርፑን ተከናንባ ወጣች። ከዚያ ፈንታሁን ያልታሰበ ነገር አደረገ። ሁለት ጣቶቹን ወደ ላይ አነሳ። አጋጠማቸው። ሁለታችሁም አንድ ላይ ኑና ፊቴ ተሳሳሙ ማለቱ ነው።

ሸጋዬ ደርቃ ቀረች። ይህ በቴአትሩ ውስጥ እንደሌለ ከፊቷ ያስታውቃል። ፈንታሁን ጢሙ ሥር እየሳቀ በከዘራው መሬቱን መታ። ሸጋዬ ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ፣ ሻርፑን በቀኝ ትከሻዋ አድርጋ ራሷን ልትስም ሞከረች፤ አንገቷ አልደረሰላትም። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። ደግሞ ዞረች። በመጨረሻ በዓይኗ በቅሎዋን ለመነቻት። ንጉሡ ጆንያውን እንደተሸከመ በአራት እግሩ እየተጎተተ መጣ። ሸጋዬ ቀዩን ሻርፕ አውልቃ በቅሎዋ ራስ ላይ ጣለችው። በቅሎዋ በሁለት እግሯ ቆመች፤ ሻርፑን እንደ ሙሽራ በአገጯ ሥር ሰበሰበች፤ ዓይኗን ሰበረች። ልጅቷ ጉንጯን ሳመቻት።

አያ ጉግሣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ሻርፑን ገለጥ አድርገው የንጉሡን ወፍራም ፊትና ጢም ረዘም ላለ ጊዜ መረመሩ። ከዚያ መልሰው ሸፈኑት፤ ወደ ሕዝቡም ዞረው፣ ልክ እንደ ጠበቅኋት ናት በሚል ዓይነት፣ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

በዚያች ቅጽበት በረዶው ቀጥ አለ። ባንዴ ነበር የቆመው። በተፈጠረው ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። የአልታየች ሳቅ ነው።

በረዶው ይሸፍነኛል ብላ ለቅቃው ኖሯል። አሁን ሊመለስ አልቻለም። ተንተከተከ፤ ትንፋሽ አጥሯት ድምፁ ጠፋ፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ሲያያት እንደገና ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ። ፈንታሁን ከመድረኩ ጫፍ ድረስ መጥቶ ከዘራውን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እመቤት፣ ገና የዛሬ ሙሽራ ነኝ። ምነው እንዲህ ይስቁብኛል?»

«ውይ ሞትኩ» አለች አልታየች።

ያኔ ሀጀራም አልቻለችም። ሳቁ ከየት እንደመጣባት ሳታውቅ ከተቀመጠችበት አጎነበሳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በልማድ፣ ሳታስበው፣ እጇን ዘርግታ አነሳች፤ የአልታየችም መዳፍ በልማድ መጥቶ ጧ ብሎ አረፈበት። እንዲህ እጅ ለእጅ እየተማቱ ሃያ ዓመት ስቀዋል። ሁለቱም ያደረጉትን ያወቁት ድምፁን ከሰሙ በኋላ ነው። ሀጀራ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች። አልታየችም ነጠላዋን አስተካከለች። እስከ መጨረሻው ድረስ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም፤ ሲስቁ ግን ከእንግዲህ አልተደባበቁም።

ቴአትሩ ሲያበቃ ሰው እያጨበጨበ ወደ በሩ ጎረፈ። ውጭው ነጭ ሆኗል። በረዶው በየቦዩ ተከምሯል፤ መንገዱ ላይ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። ብዙው ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ተሻገረ። ሀጀራና አልታየች ውሃው እስኪጎድል ከጣሪያው ጥግ ሥር ቆሙ። ጎን ለጎን ነበሩ፤ መሀላቸው ላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት አለ።

«ኢልሀም ጎበዝ ልጅ ናት» አለች አልታየች፣ ውሃውን እያየች።

«አልሐምዱሊላህ።»

ሀጀራ እጇን በእጇ ጨበጠች።

«አልታየች፣ ያን ቀን የተናገርኩሽን...»

«የቱን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ከራስሽ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

ሀጀራ ወደ እሷ ዞረች። «‹ልጅሽ ረስታሽ ይሆናል› አልኩሽ። ስናገረው ውሸት መሆኑን አውቀው ነበር። የሻለም እናቷን የምትረሳ ልጅ አይደለችም፤ እኔ ጡት ያጠባኋት ያህል አውቃታለሁ። ሙሐሲንን በየቀኑ እየደወልኩ እጨቀጭቀው ነበር። ‹አላውቅም› ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ‹እንደ ኢልሀም› ብዬ ቃል ሰጥቼሽ፣ ‹አላውቅም› የሚለውን ይዤ ፊትሽ መቆም አቃተኝ። ፈራሁ። ፈርቼ ነው የወጋሁሽ።»

አልታየች ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ በመዳፏ ተቀበለች።

«ብትቆሚ ይሻለኝ ነበር» አለች። «‹አላውቅም› ብለሽ አብረሽኝ ብታለቅሺ ይበቃኝ ነበር። ሌላ ምን ፈለግኩ?»

«አፉ በይኝ።»

«እኔስ? በሰው ፊት፣ በገበያ ቀን፣ ሸጥሽብኝ አልኩሽ። ሃያ ዓመት የበላሁበትን እጅ።»

«እሱን ተዪው፣ የጨነቃት እናት ምን የማትለው አለ?»

«አልተወውም። አንቺ ያንቺን ተናግረሻል፤ እኔም የኔን ልናገር። አፉ በይኝ ሀጀራ።»

«አፉ ብዬሻለሁ። አላህም አፉ ይበለን።»

«አሜን» አለች አልታየች።

ተቃቀፉ ማለት አይቻልም። አልታየች የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ዓይኗን ጠረገችና ውሃው ጎድሎ እንደሆነ በእግሯ ጫፍ ሞከረችው። «ነይ በዚህ በኩል፣ ድንጋይ አለ» አለች። ሀጀራ እጇን ያዘቻትና ተሻገሩ።

ወደ ሰፈራቸው የሚወስደውን ዳገት እኩል ሲወጡ አልታየች ቀስ ብላ ጀመራት። «በቅሎዋ ዓይኗን ስትሰብር...» አለችና ተንተከተከች። ሀጀራም «ሽማግሌው ገልጦ አይቶ መልሶ ሲሸፍናት» አለች። ከዚህ በኋላ መሄድ አልቻሉም። ያገኙት አጥር ላይ ተደግፈው ሲስቁ ነበር የአልታየች ሞባይል ከቦርሳዋ ውስጥ የጮኸው።

አልታየች ቁጥሩን አየችና «የሻለም ናት» ብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «እናቴ... የኔ እናት... ቴአትር... በቅሎዋ...» ብላ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ትንፋሽዋ ተቆርጦ ስልኩን ለሀጀራ ዘረጋችላት። «አንቺ ንገሪያት፣ እኔ አልችልም።»

ሀጀራ እጇን አልዘረጋችም። የዚያችን ልጅ ድምፅ ከአምስት ዓመት ወዲህ አልሰማችውም። አውሮፕላን ልትሳፈር የሄደች ለት የቤታቸውን አጥር ተሻግራ መጥታ ጉልበቷን ስማት ነበር። ስንት ጊዜ በልቧ አነጋግራታለች፤ ስንት ጊዜ «እናትሽን ያሳመንኳት እኔ ነኝ» ብላ ይቅርታ ጠይቃታለች፤ ሁሉም ግን በልቧ ነው። አልታየች ስልኩን መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ? እማ ምን ሆንሽ? ለምን ታለቅሻለሽ?» ይላል ድምፁ። ወፍሯል፤ የትልቅ ሴት ድምፅ ሆኗል።

«አታለቅስም ልጄ፣ አብሽሪ። እየሳቀች ነው። ሀጀራ ነኝ።»

ሀጀራ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

«እትዬ ሀጀራ?»

«አዎ የኔ ልጅ።»

«አብራችሁ ናችሁ?»

«አብረን ነን። ከቴአትር እየተመለስን ነው።»

ከልጅቷ በኩል የቧንቧ ውሃ ሲወርድና ሲዘጋ ተሰማ። ሀጀራ ያዘጋጀችው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። አራት ዓመት የተሸከመችውን አሁን ብታወርደው ቀላል ነው። አልታየች አጥሩን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ታያታለች።

«እትዬ» አለች የሻለም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እማዬ እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ... እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ምንድን ነው ያሳቃት? ይንገሩኝ። ሴትዮዋ እስክትመለስ ሩብ ሰዓት አለኝ።»

ሩብ ሰዓት። ሀጀራ ይህን ሩብ ሰዓት ይቅርታ ብትጠይቅበት ልጅቷ እዚያ፣ በሰው ወጥ ቤት፣ እያለቀሰች ነው ሥራዋን የምትቀጥለው። ሸክሙ ከሀጀራ ላይ ይወርዳል፤ እሷ ላይ ይወጣል። ይቅርታው የሚጠየቀው ልጅቷ መጥታ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው፤ እስከዚያ ሀጀራ ትሸከመዋለች።

«እንግዲህ ስሚ» አለች። «አያ ጉግሣ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ሲጠየቁ አርባ ሁለት ነኝ ይላሉ።»

«እሺ» አለች የሻለም፤ ድምጿ ውስጥ ሳቅ መጀመሩ ይሰማል።

«በቅሎዋን ሳትነግሪያት እንዳታልፊ» አለች አልታየች።

«ቆይ፣ በቅሎዋ ገና አልመጣችም» አለች ሀጀራ። የምትነግረው በስልክ መሆኑንም ረስታ፣ የአልታየችን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ገፍፋ በግራዋ በኩል አደረገችው፤ የራሷን ሻሽ ጫፍ ደግሞ ወደ ቀኝ ሳበችና ልጅቷንና ሙሽራዋን እየሆነች ከመጀመሪያው ጀመረች።